«አትቆጣም፣ ብዪ»፦ ሰባት ቀን በቤይሩት

ከተመለስኩ አራት ወር ሆነኝ። ቤይሩትን አይቶ የማያውቅ፣ ምናልባትም መቼም የማያያት ሰው ያነበዋል ብዬ ስለማስብ መንገዱንም፣ ማደሪያውንም፣ የበላሁትንም በቅደም ተከተል እናገራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ብዕር ያስነሳኝ መንገዱና ምግቡ አይደለም። በመካከሉ ያደረግኩት አንድ ነገር አለ። እሱን ብቻ ነጥዬ ብናገር ማሳመሬ አይቀርም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከነቀኖቹ እንዳለ ይቅረብ።

ረቡዕ

ደሴ ውስጥ የላቦራቶሪ ትምህርት አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በትል ነው፤ ሰው ሲስቅብኝ ለምጄዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚይዝለት ፀረ-አካል ያመርታል። ከነዚህ አንዱ ዓይነት የአለርጂው ነው። የኛ አገር ልጆች በመንጠቆ ትል የተነሳ ደማቸው በዚህ ፀረ-አካል የተሞላ ነው። ሌላ አገር ያን ያህል የተገኘበት ልጅ ሐኪም ቤት ይመላለሳል፤ የኛዎቹ ግን ኳስ ሲያባርሩ ይውላሉ። ይህ ለምን እንደሆነ ነው በሐይቅ ከተማ ዙሪያ ካሉ ትምህርት ቤቶች ደም እየቀዳሁ ዓመታት ያጠናሁት። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት፣ በዚሁ ጉዳይ ቤይሩት ላይ የሚሰጥ የአራት ቀን ሥልጠና ላይ እንድገኝ ደብዳቤ ደረሰኝ።

ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የወረድኩት። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ ይነዳ ነበር። በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ተሳፈርኩ። አውሮፕላኑ ከሞላ ጎደል በልጃገረዶች የተሞላ ነበር፤ አዲስ ሻርፕ፣ አዲስ ጫማ፣ ሁሉም እጅ ላይ አንድ ዓይነት የላስቲክ ማህደር። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቀበቶው አልታሰር ብሏት አሰርኩላት። ትንሽ ቆይታ፣

«አንቺስ የማን ቤት ነው የምትገቢው?» አለችኝ።

«እኔ ለስብሰባ ነው» አልኳት፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ አውጥቼ ገለጥኩ።

ቤይሩት ስንደርስ አንድ ፖሊስ ልጆቹን በአንድ ወገን እያሰለፈ ነበር። እኔንም በጣቱ ወደነሱ አመለከተኝ። ደብዳቤዬን ከፍ አድርጌ ይዤ በእንግሊዝኛ፣ «ከነሱ ጋር አይደለሁም» አልኩ። ሦስት ጊዜ ሳልለው አልቀረሁም። ፖሊሱ ትከሻውን ነቅንቆ አሳለፈኝ። ቀበቶዋን ያሰርኩላት ልጅ ከሰልፉ ውስጥ ሆና ታየኝ ነበር፤ እንግሊዝኛ ባታውቅም የእጄን ሁኔታ አይታለች። እግዜር ግን አልዘገየም፤ ሻንጣዬ ሳይመጣ ቀረ።

የተላከልኝ መኪና ባሕሩን በግራ እያደረገ አንጠልያስ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደኝ። ደሴም በተራራ ተከባለች፤ የዚህ አገር ተራራ ግን ከእግሩ እስከ አናቱ ፎቅ ቤት ለብሷል። ማደሪያዬ ባለ አራት ፎቅ ትንሽ የእንግዳ ቤት ነበር። ገና ስገባ በር ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «አዲሷ ልጅ ነሽ? ባልዲው ሁለተኛ ፎቅ ነው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ዶክተር ነኝ» አልኩ። ድምፄ ደረጃውን ሁሉ አዳረሰ። ሴትዮዋ ቀልታ ይቅርታ ጠየቀች፤ መርሲ፣ ፓርዶን፣ የምታውቀውን ሁሉ ደረደረችው። እኔ ግን ቀና ስል ባልዲው ከነባለቤቱ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። መወልወያ የያዘች፣ ወደ አርባ የምትጠጋ ሴት ፈገግ ብላ ታየኛለች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዶክተርዬ» አለችኝ በጥርት ያለ ወሎኛ። ፋጡማን ያወቅኳት እንዲህ ነው።

ሐሙስ

ፋጡማ የከሚሴ ልጅ ናት። ቤይሩት ስትኖር አሥር ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ የገባችበትን ቤት ጥላ ከወጣች ጀምሮ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ ዶራ የሚባል ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ በሰዓት እየተቀጠረች ታጸዳለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሐሙስ ማለዳ በሬን አንኳኩታ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት፣ አንድ ሹራብና ካልሲ የያዘ ፌስታል ካቀበለችኝ በኋላ ነው። ሻንጣዬ እንዳልመጣ ከበረኛዋ ሰምታለች።

«አንዷ ማዳሜ የሰጠችኝ ነው፣ ያኒ ለብሼው አላውቅም» አለች። «ዝናብ አለ ዛሬ። ያላ፣ ልበሺው።» አሠሪዋን ማዳም፣ ማለቴን ያኒ፣ በይ ቶሎን ያላ ትላለች፤ እዚያ የኖረ ሁሉ እንዲህ ነው።

እጅጌው አጠረኝ እንጂ ይሞቃል። አመስግኜ ለበስኩት። ወደ ሥልጠናው በሚወስደኝ ቫን ውስጥ ግን፣ የሠራተኛ ልብስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ እጅጌውን ስጎትት ነበር።

ሠልጣኞቹ ከአሥር ከማይበልጥ አገር ተሰባስበናል። አስተማሪያችን አጭር፣ ድምፀ ጎርናና የሊባኖስ ፕሮፌሰር ነበረች፤ ሥዕል ከማሳየት ይልቅ በእጇ ማስረዳት ይቀናታል። አንዱን ጡጫዋን በሌላው መዳፏ ለቀቅ አድርጋ ያዘችና፣ «ይኼ የአለርጂ ፀረ-አካል ነው» አለች። ከዚያ ጡጫዋን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። «ይኼም የአለርጂ ፀረ-አካል ነው። ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ። ያኛው ቢይዝም ይለቃል፤ ይኼኛው ከያዘ አይለቅም። ሰው የሚገድለው ይኼኛው ነው። የደም ምርመራው ጠቅላላ ድምር ግን ሁለቱን አይለይላችሁም።» በቀይ ብዕር ጻፍኩት። ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም ፊቴ አለ፤ ቃሉ ከነመስመሩ ይታያል።

ምሳ ላይ ጠሂኒ ያልገባበት ነገር አልነበረም። ጠሂኒ ማለት ሰሊጥ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ እንደ ቀጭን ማር ሲሆን ነው። ሽምብራውን እኛ ሽሮ የምናደርገውን እነሱ ቀቅለው፣ ደቁሰው በጠሂኒ ይለውሱታል። ባዝንጅላሉም በጠሂኒ፣ ዓሣውም በጠሂኒ። እኛ ቤት ሰሊጥ በጾም ለልጥልጥ ካልሆነ ብዙ አይነካም። አሳላፊውን ሰሊጡ ከየት እንደሚመጣ ብጠይቀው ስቆ፣ «ካንቺ አገር» አለኝ። ኮራሁ።

ዓርብ

ከሥልጠና ስመለስ ፋጡማ በረኛዋ አጠገብ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ዶክተርዬ፣ አንዲት እህታችን አለች፣ ሰዓዳ የምትባል። ፋናር የሚባል ሰፈር ነው ያለችው፣ አንድ ቤት ተቀጥራ። የደም ወረቀት ይዛ ሚያነብላት አጥታለች። እሑድ እኔ ጋ ትመጣለች። ብታይላት?»

እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም። ዶክተርነቴ የትል ነው፤ ሰው አክሜ አላውቅም፣ እንዳክምም አልተፈቀደልኝም። ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን በረኛዋ ሴትዮ ቡናዋን ይዛ ወደኛ ታያለች፤ ረቡዕ ዕለት ያን ያህል የጮህኩበትን ዓርብ ማረም ከበደኝ። ደግሞም ካፖርቷ ላዬ ላይ ነው።

«ትምጣ፣ አያታለሁ» አልኳት።

ቅዳሜ

ሥልጠናው ግማሽ ቀን ነበር። ሻንጣዬም መጣ፤ አንድ እጀታው ተሰብሮ። ካፖርቱን አጥቤ ልመልስ ስል ፋጡማ፣ «ደሴም ብርድ ነው፣ ይዘሽው ሂጂ» ብላ እምቢ አለች። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ከሰዓት በኋላ ለእሑዱ የሚሆን ነገር ፍለጋ አንጠልያስ መንገድ ላይ ስዞር ዋልኩ። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ በቢላ እየቆረጠ አስቀመሰኝ፤ ሐላዋ ይባላል። ሰሊጡ ከስኳር ጋር ተመትቶ ይደርቃል፤ አፍ ውስጥ እንደ ጭቃ ስኳር ይሟሟል። አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ገዛሁ፤ ሽማግሌው ለመንገድ ብሎ ብርቱካን ጨመረልኝ።

እሑድ

ዶራ ቫኖቹ ሁሉ የሚያድሩባት ትመስላለች። ከድልድዩ ሥር ጀምሮ መንገዱ ያበሻ፣ የፊሊፒን፣ የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ በርበሬና በፌስታል የታሸገ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ አየሁ፤ ከሱቁ በር ላይ ሁለት ሴቶች ሳያውቁኝ ሰላም አሉኝ። ደሴ ላይ የማላውቀው ሰው እንዲህ ሰላም ቢለኝ ዞር ብዬ አላይም።

የፋጡማ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው። አብረዋት የሚኖሩት ሴቶች ወጥተው ነበር። ምስር ወጥ በሩዝ ሠርታ፣ እኔን ብቸኛዋ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሰዓዳ ስትገባ መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ሻርፗን ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የሐይቅ አካባቢ ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት አንድ ቤት ሠርታለች። ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመች፤ ከስልኳ ሽፋን ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ዶክተርዬ፣ ይቺን ወረቀት ይዩልኝ። ማዳሜ ናት ደም ያስወሰደችኝ። በፈረንሳይኛ አነበበችልኝ፣ እኔ አልገባኝም።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጠሂኒ እኮ ነው። ጠሂኒ ስቀምስ ትቆጣለች። ያኒ በጣም ነው ምትቆጣ። ባለፈው አንድ ማንኪያ ቀምሼ፣ ወላሂ ልሞት ነበር።»

ማዳሟን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት። የጠሂኒ ማንኪያ የምትቆጥር፣ ልጅቱ እጇን ወደ ማሰሮው ስትሰድ የምትጮህ ሴት። ደሟን ማስወሰዷም ገባኝ፦ በሽተኛ ናት ብላ ልትመልሳት ሰበብ ፈልጋ ነው። ስለ ዓረብ አገር ማዳሞች ያልሰማሁት ነገር ስላልነበረ ቀሪውን ራሴ ሞላሁት። ማን ናት የምትቆጣው ብዬ አልጠየቅኩም። ምን ይጠየቃል?

ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር በብዕር ተከቧል። የአለርጂው ፀረ-አካል ጠቅላላ ድምር ነው፤ በጣም ከፍ ያለ። ሳቅኩ። ዓመታት ሳነበው የኖርኩት ቁጥር ነዋ።

«ይሄማ ምንም አይደለም» አልኳት። «ሐይቅ ላይ ይህን ያህል ያለው ልጅ ኳስ ሲጫወት ነው የሚውለው። ትል ነው፣ ወይም የድሮ ትል ትቶት የሄደ ነው። አትፍሪ።» ከቦርሳዬ የትል ክኒን አውጥቼ ሰጠኋት። ወረቀቱን እንደነበረው አጥፌ መለስኩ። ጀርባውን አላየሁም።

ሰዓዳ ፊቷ በራ። «አልሀምዱሊላህ። እታለም፣ ሰማሽ? ምንም አይደለም አሉ።» ፋጡማም ደስ አላት፤ ዶክተር በማምጣቷ ኮርታ ወጡን ደጋግማ ጨመረችልን። ሐላዋውን ቆርጬ ሳቀርብ ሰዓዳ አንዱን ቁራጭ አንስታ አሸተተችው።

«ይቺ ሰሊጥ ናት አይደል፣ ዶክተርዬ? ትቆጣብኝ ይሆን?»

ማዳሟ ያለችው ፋናር ኮረብታ ላይ ነው። እዚህ ምን ታደርጋታለች? አዘንኩላት።

«እዚህ አትቆጣም፣ ብዪ» አልኳት።

በላች። ሁለተኛም አነሳች። ስለ ሐይቅ እያወራን ነበር፣ በእነሱ ቤትና እኔ ደም በቀዳሁበት ትምህርት ቤት መካከል ያለውን መንገድ ስትነግረኝ፤ መዳፏን ታክክ ጀመር። ከዚያ አንገቷን። ከንፈሯ ሲያብጥ እያየሁ ነበር። ድምፅዋ ቀጥኖ ቀጥኖ፣ «እታለም፣ መጣች» አለች፤ ከዚያ በኋላ ፉጨት ብቻ ነበር የሚሰማው።

ይህን ነገር አስተምረዋለሁ። ከመጀመሪያው እከክ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ያለውን ሰሌዳ ላይ ስዬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። የተነሳችው ፋጡማ ናት። «ያላ፣ ያዣት» አለችኝ፤ ራሷ ከወገቧ አቅፋ ሦስቱንም ፎቅ አወረደቻት፣ መንገድ መሀል ገብታ ቫን አስቆመች። ዘበኛ ያለበት በር ላይ ድርሽ የማትል፣ ፖሊስ ስታይ መንገድ የምትቀይር ሴት፣ የሙስተሽፋውን፣ የሆስፒታሉን፣ በር በትከሻዋ ከፍታ ገባች።

መርፌው ጭኗ ላይ ተወጋ። ለምን ያህል ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ወደ ትንፋሽ ተመለሰ። ሰዓዳ ዓይኗን ገልጣ አየችን፤ መናገር ግን አልቻለችም።

ሐኪሙ ወደኛ መጣና ፋጡማን በዓረብኛ ጠየቃት። እሷም ወደኔ ዞራ፣ «ማን ነው ያበላት፣ ማንስ ነው አይጎዳሽም ያላት ይላል» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ዶክተር ነኝ ማለት፣ ከዚያም እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ ሁለቱ ቃላት አብረው አልወጡልኝም። ሥልጠናው፣ ኮሌጄ፣ ስሜ፣ ደብዳቤዬ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። ወለሉን አየሁ። ፋጡማ ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «አና» አለች። እኔ ነኝ። ይህን ያህል ዓረብኛ እኔም አውቃለሁ።

የሰዓዳ ማዳም ተደውሎላት የመጣችው በቤት ጫማ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ነጭ ፀጉሯ ያልተበጠረ፣ እየሮጠች። ሰዓዳን እግሯን ይዛ አለቀሰች። ከቦርሳዋ የዚያኑ ወረቀት ቅጂ አውጥታ ለሐኪሙ ስትሰጠው ከጀርባው በኩል ነበር፤ እዚያም በትልቁ በቀይ ተጽፏል። ሰሊጥ። የቁጥሩንም ከፍታ ከቆምኩበት አየሁት። ፋጡማ ዓረብኛዋን እየሰማች አንገቷን ደፋች። ማዳሟ እየጮኸችባት ነበር፦ ከቤቴ ጠሂኒውን ሁሉ ጠራርጌ ጥዬላት፣ እናንተ ታበሏታላችሁ፤ ከእንግዲህ እሑድ አንቺ ቤት አትመጣም። ፋጡማ ይህን የነገረችኝ ኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት፣ ወረቀት የሚጠይቃት ሰው ሳይመጣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሹልክ ብላ ስትወጣ ብቻ ነው።

ሰኞ

የመጨረሻው የሥልጠና ቀን ነበር። ፕሮፌሰሯ፣ «የሐሙሱ አያያዝ የሚላላው ወይም የሚጠብቀው በዕድል አይደለም» ብላ ጀመረች። ፀረ-አካሉን የሚሠሩት ሕዋሳት በንፍፊታችን ውስጥ ከሌሎች ረዳት ሕዋሳት ትእዛዝ ይቀበላሉ። ረዳቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ለትል የሚነሱት አንድ ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ ብዙ ግን ላላ ያለ ፀረ-አካል ይመረታል። ሌላ ትእዛዝ ሲሰጥ ጥቂት፣ ነገር ግን የማይለቅ ይሠራል። የትኛው ረዳት የትኛውን እንደሚያዝ በአይጥ ላይ እየተከታተሉት ነው፤ በሰው ላይ ገና ብዙ የማይታወቅ አለ።

አንዱ ሠልጣኝ፣ «ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ?» አላት።

«ለምን አይገኙም? እንዲያውም ብዙዎቹ ጥቂቶቹን ይደብቋቸዋል። ድምሩን ብቻ ያነበበ ሰው ይሳሳታል።» ከዚያ ፈገግ ብላ ወደኔ አየች። «ይህን ከሁላችን አብልጣ የምታውቀው የኢትዮጵያዋ ባልደረባችን ናት።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሌሎቹ ዞረው አዩኝ፤ አንዷ ማስታወሻ ያዘች።

ከሥልጠናው ወጥቼ ፋናር በታክሲ ወጣሁ። ማዳሟ ጡረታ የወጣች የፈረንሳይኛ አስተማሪ ናት፤ ብቻዋን ነው ከሰዓዳ ጋር የምትኖረው። ሰዓዳ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣ፣ ማዳሟ ሾርባ በትሪ እያቀረበችላት ደረስኩ። የሰዓዳ ዓይን ገና እንዳበጠ ነው።

«ማዳምሽ ተቆጣችሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ በአማርኛ። ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ነው ከአፌ የወጣው።

«ማዳሜ?» አለች ገርሟት። «ማዳሜ ተቆጥታኝ አታውቅም፣ ዶክተርዬ።»

«ጠሂኒ ስቀምስ ትቆጣለች አላልሽኝም?»

«ጉሮሮዬን ነው እኮ ያልኩዎ። ጉሮሮዬ ናት ምትቆጣ።»

እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። ወረቀቱንም፣ ሆዱንም፣ ጉሮሮውንም «እሷ» እያለ በሚጠራ ሰው መሀል ነው ያደግኩት። ሰውነት ተቆጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነም በየዓመቱ ለተማሪ የምፈታው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ስለ ራሷ ሰውነት ልትነግረኝ የምትችል አልመሰለኝም፤ ስለ እመቤቷ እንጂ። አፈርኩ። ፊቴን የማዞርበት አጥቼ የማዳሟን የሎሚ ተክል ሳይ ቆየሁ።

ከዚያ ለማዳሟ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ጣፋጩንም ያመጣሁት፣ ብዪ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ፋጡማ አይደለችም። ቆም ብላ ሰማችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ» አለች። «ሕፃናቱን መጀመሪያ የማስተምራቸው ወረቀቱን እንዲገለብጡ ነበር።» ቀጥላም፣ «ያቺ ሴት ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ማዳሟ ሰዓዳን ለፋጡማ እንድትደውል አዘዘቻት፤ እሑድ እንደ ድሮው ትሄዳለች። እኔንም ሳትበዪ አትወጪም ብላ ሩዝና ዶሮ አቀረበችልኝ። በዚያ ቤት አንዲት ፍሬ ሰሊጥ አልነበረም። ስወጣ ሰዓዳ ለእናቷ የሚደርስ ጥቅል ሰጠችኝ፤ ሻርፕ፣ የሚቀባ መድኃኒትና አንድ ጋቢ መሳይ ለስላሳ ብርድ ልብስ።

ማክሰኞ

ፋጡማ ደረጃውን እየወለወለች አገኘኋት። የተሰናዳሁበትን ይቅርታ ስጀምር መወልወያውን ግድግዳ አስደግፋ፣ «አብሽሪ፣ ኸላስ፣ አለፈ» አለችኝ።

«ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«አንቺ ብትዪ ዶክተርነትሽን ይወስዱብሻል ብዬ ነዋ። እኔን ምን ይወስዱብኛል?»

እንዲህ ያለችው ያለ አንዳች ምሬት ነው፤ መንገድ እንደምታሳይ ሰው። ሊወስዱባት ይችሉ የነበረውን ሁለታችንም እናውቃለን፤ የሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ፖሊስ ቢኖር ኖሮ ዛሬ እስር ቤት ናት። የተሰበረውን ሻንጣዬን እሷው አወረደችልኝ። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ማንም ወደ የትም ሰልፍ አላመለከተኝም። ካፖርቱን ለብሼ ነበር።

ሐይቅ

የሰዓዳን ጥቅል ለማድረስ ሁለት ሳምንት አዘገየሁ፤ ምክንያቴ ሥራ ነበር። እናቷ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ እኔ ደም ከቀዳሁበት ትምህርት ቤት ማዶ ነው ቤታቸው። ለካ ሦስት ዓመት በደጃቸው ሳልፍ ኖሬያለሁ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሮጠው መጡ፤ እጄን ሁለቱንም ይዘው አልለቅ አሉ።

«አንቺ ነሽ? ዶክተሯ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ነገረችኝ። ሁሉንም በስልክ ነገረችኝ። እንዲህ ያለ በሽታ አፍኖኝ፣ ካገሬ የመጣች ዶክተር አጠገቤ ባትኖር ሞቼ ነበር አለችኝ።»

ሰዓዳ እናቷን ላለማስደንገጥ፣ እኔንም ላለማሳፈር ያደረገችው ነው። የሚስተካከል ነገር ነበር። ለማዳሟ በባዕድ ቋንቋ፣ በባዕድ ቤት ተናግሬዋለሁ፤ ለሳቸው በአማርኛ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። ጎረቤቶች መጡ። መደቡ ላይ ቁርበት ተነጠፈልኝ። ማር በሳህን ቀረበ። እማማ ብርድ ልብሱን ፈተው ጉንጫቸው ላይ አድርገው አሸተቱት፤ የልጃቸው ሽታ እንዳለበት ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው።

ከዚያ ተነስተው ቆሙ። ጎረቤቶቹም ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩልኝ፤ እጅሽ ይባረክ፣ የያዝሽው ይዳን፣ ልጄን እንዳተረፍሽልኝ አላህ ያንቺንም ያትርፍልሽ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ክርስቲያን ብሆንም ዱዓ ሲደረግ ምን እንደሚባል ከልጅነቴ አውቃለሁ።

እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልኩ።